ዚቃ ቤት ወራጅ

አቃቂን አልፋችሁ፣ ድልድዩን ስትሻገሩ፣
ከወፍጮው ጎን ነበር፣ የሙዚቃ ቤቱ በሩ።
ያንድ ክረምት በረዶ ሰሌዳውን መታ፣
«ሙ» ከነምስማሯ፣ ወርዳ ከቦይ ገብታ
«ዚቃ ቤት» ብቻ ቀረ።

ጋሽ ደቻሳ አየው፤ ቀና ብሎ ሳቀ፤
«የጎደለችውን ሰፈሩ ካወቀ
ለምን እሰቅላለሁ?»

እኔ ያኔ ረዳት ነኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣
በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሕይወቴ።
አንገቴን አውጥቼ፣ ባቧራው፣ በጭሱ፣
«ዚቃ ቤት ወራጅ አለ?» ብዬ ጮህኩኝ፤ እሱ
ስም ሆኖ ቀረ።
ማንም አላጸደቀው፣ ማንም አልፈረመ፣
ቀበሌም አልሰማ፤ ግን ስሙ ታተመ
በሰው አፍ ላይ።

ሰፈሩ ክር ፈታይ፣ ፋብሪካ የሚውለው፣
እሱም ክር ሻጭ ነበር፣ ድምፅ የሚጠቀልለው።
ቴፕ ክሩን ሲበላ፣ ሲጎትተው እንደ አንጀት፣
ይዘን እንሮጣለን፣ ወደ ዚቃ ቤት።
በእርሳስ ያዞረዋል፣ ዝም ብሎ፣ በዝግታ፣
ቁራጩን ይገጥማል፣ በጥፍር ቀለም ጠብታ።
ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ ያችን ቦታ ሲደርስ
አንድ ቃል ይዘላል።
እኛም አብረን እንዘላለን።
ዛሬም ያንን ዘፈን ሌላ ቦታ ስሰማው፣ ሙሉውን፣
ያ ቃል ትርፍ ይመስለኛል።

የዱቤው ደብተር ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፦
ልሳኑ ረዳቱ፣ አንድ ካሴት፣ ስምንት ብር።
ወይዘሮ ጦቢያ፣ ሁለት፣ «ለሠርግ» የሚል ከጎኑ።
የፋብሪካው ዘበኛ፣ አንድ፣ «ደሞዝ ሲወጣ»።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ደሞዙም አልወጣ።

ከዚያ ሲዲ መጣ። ከዚያ ፍላሽ መጣ።
ልጆቹ «ጫንልን» አሉት፣ ባምስት ብር መቶ ዘፈን።
ጫነ። ሁለት ዓመት ጫነ።
ከዚያ ልጆቹም መምጣት ተዉ።
መስታወቱ ላይ የለጠፋቸውን ፎቶዎች
ፀሐይ በልታቸው ሰማያዊ ሆኑ፤
ማን ማን እንደነበሩ እሱ ብቻ ያውቃል።

ኅዳር ላይ አከራዩ መጣ፣ ሴራሚክ ሊያስገባ።
«ሰው ቤት እየጨረሰ ነው፣ ጋሼ።»
ጋሽ ደቻሳ «እውነት ነው» አለ። ሌላ አላለም።

ሚኒባሴን አቆምኩ፣ በሩን ከፈትኩለት፤
ዛሬ ሹፌር ነኝ እኔ፣ የራሴ ረዳት።
ካርቶን በካርቶን ላይ፣ እስከ ጣራው ድረስ።
አሥራ ሁለት ሰው ነው ሕጉ የሚፈቅደው፤
ሺህ ዘፋኝ ነው ያን ለት በኔ መኪና የሄደው፣
አንዱም ሂሳብ ሳይከፍል።

ኬላው ጋ ትራፊክ አስቆመን።
«ትርፍ ጭነሃል?» አለ፣ ባትሪውን አብርቶ።
«አዎ» አልኩት።
አንዱን አነሳ፤ ገልበጥ አድርጎ አነበበ፤
ቀስ ብሎ መለሰው።
«ሂድ።»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።
ዘጠኝ ምልልስ። በየፎቁ ያርፋል፣ ወገቡን ይዞ።
ስንጨርስ ስምንት ብር አወጣሁ፣
ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ።
ደብተሩን ፈለገ፣ መነጽሩን ፈለገ፣ ስሜን ፈለገ፣
ሰረዘኝ።
«ታክሲውስ ስንት ነው?»
«ስምንት ብር።»
መልሶ ሰጠኝ።

አሁን በመስኮቱ ነጭ የሽንት ቤት መቀመጫ ተደርድሯል፣
ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሊዘፍን እንደተሰናዳ።
ሰሌዳው አዲስ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም።

ትናንት ጠዋት፣ ከኋላ ወንበር፣
ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ «ዚቃ ቤት ወራጅ!» አለች።
ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣
«እማ፣ ዚቃ ምንድነው?»
እናትየው አሰበች።
«ሰፈሩ ነዋ።»

በመስታወት አየኋቸው፤
ፍሬን ያዝኩ፣
በሩ ፊት፣ ልክ በሩ ፊት።