አግዳሚ አንሺው

ሥራዬ ቀላል ነው፤ የወደቀ እንጨት አነሳለሁ፣
ቀይና ነጩን አግዳሚ ከመያዣው ላይ እመልሳለሁ።
ከጎልዌይ ወዲያ በምዕራብ፣ የድንጋይ ካብ በበዛበት፣
ዝናብ እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ በሚገባበት፣
የእመት ጎርምላ ሜዳ ላይ፣ እርጥብ አሸዋ ዳር ቆሜ
ስንት ፈረስ በላዬ አለፈ፤ ስንቱን አየሁ በዕድሜ።

ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ሰው
ጋላቢ ሁሉ ራቁቱን ነው።

ሮናን ይመጣል፣ የባንክ ቤት ጸሐፊ፣ ቀልቡ ቸኳይ፣
ፈረሱ ሳይነሳ እሱ ቀድሞ የሚነሳ ወደ ሰማይ፤
ደረቱን ጋማው ላይ ጥሎ፣ ከኮርቻው ተነጥሎ፣
ጥያቄው ሳያልቅ እንደሚመልስ ተማሪ ቸኩሎ።
ፈረሱ ያን ሁሉ ክብደት በፊት እግሩ ተሸክሞ
እንዴት ይነሳ? ቆመ።
ሮናን ግን ሄደ፤ ብቻውን፣ ቀድሞ።
«ፈረሱ ነው» አለኝ፣ አሸዋ ከቅንድቡ እያራገፈ።
እኔ እንጨቴን አነሳሁ፤ ስንቱ እንዲህ ብሎ አለፈ።

ነርሷ ኢታ ግን በተቃራኒው፣ ዘወትር ትዘገያለች፤
ግራጫዋ አየር ላይ ሳለች እሷ ገና ምድር ላይ አለች።
ወገቧ ወደ ኋላ ተስቦ፣ እግሯ ወደ ፊት ተወርውሮ፣
ዛቡን እንደ ሰጠመ ሰው ጨብጣ፣ መዳፏ ደም አቁሮ።
ብረቱ ነው ከንፈር ወጥሮ አንገትን የሚያሳጥረው፤
ፈረስ የእኛን ፍርሃት በአፉ ነው የሚማረው።

ዓይን ደግሞ አለ።
«ወደ ታች አትዩ!» ትላለች እመት፣ ድምጿ በንፋስ ሻክሮ፣
«ያያችሁት ቦታ ላይ ነው የምትወድቁት!» ዘንድሮም እንደ ድሮ።
ፌሊም፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ቁልፍ እንደጣለ ሰው
አግዳሚውን ሲያይ፣ ሲያይ፣ አግዳሚው ጠራው፤
ሄዶ ሳመው።

ሌላው ጉልበቱን አጣብቆ፣ ተረከዙን ሽቅብ ሰቅሎ፣
እንደ ልብስ መቆንጠጫ ኮርቻ ላይ ተንጠልጥሎ
ይመጣል። ትንፋሹንም ውጦ የሚዘል አለ፣
ከባሕር እንደወጣ ፈጥጦ፣ ሲያርፍ ብቻ «እህህ» ያለ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ።
ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ መጽሐፍ ይወጣዋል፤
እንጨት የሚያነሳን ሰው ማን ስለ ግልቢያ ያማክረዋል?

ትናንት ማምሻ ላይ ግን፣ መኪኖቹ ጭቃውን ቀደው ሲሄዱ፣
የመስኮት መብራቶች ባንድ በኩል በርተው፣ ባንድ በኩል ሲጠፉ፣ ሲነዱ፣
ግራጫዋ፣ አሮጊቷ፣ ብቻዋን ሣር ስትነጭ
ልቤን ምን እንደነካው እንጃ።
ኮርቻ ጫንኩ። ሠላሳ ዓመት ነው እርካብ ካልረገጥኩ፣
ከባሊናስሎ ገበያ ማግስት፣ ትከሻዬን ከሰበርኩ።

አንድ እንጨት አስቀመጥኩ፤ ዝቅ ያለ፣ እስከ ጉልበቴ፣
ድመት የምትንቀውን፤ እኔን ግን ራደ አንጀቴ።

ዞርን፤ በሶምሶማ።
መጀመሪያ ቀደምኩ። ከዚያ ዘገየሁ።
(ባንድ ዝላይ ሁለቱም ይቻላል።)
ዓይኔ እንጨቱ ላይ ተሰካ፤ ትንፋሼ የት እንደገባ እሱ ያውቃል።
ተረከዜ ሽቅብ ወጥቶ፣ እጄ ጋማና ዛብ ጨብጦ፣
የሠላሳ ዓመት ዕውቀቴ ከቀዳዳ ኪስ እንደ ሳንቲም አምልጦ፣
የሮናን ወንድም ሆንኩ፣ የኢታ መንታ፣
ፌሊም ቢያየኝ ኖሮ ሳቁ ጎልዌይ ድረስ በተሰማ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ።
አሮጊቷ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገች፣
«ደግሞ ይህ የማን ሸክም ነው?» እንደማለት፤
ከዚያ ተነሳች።
አደረሰችኝም፤ ተዋጋችልኝም።

ኳ!
የኋላ ሰኮናዋ ነው። ያን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ከታች።
ከላይ ሲሰማ ሌላ ነው፤
ስምን እንደሚጠራ ነው።

ወረድኩ፤ ጉልበቴ እንደ ጥጃ እየተብረከረከ።
የከንፈሯን አረፋ በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ ጥጉ ላይ ቀላ ብሎ ነበር።
«ፈረሷ ናት» ልል አፌን ከፈትኩ።
እያየችኝ ነው።
ዘጋሁት።

ጨለማው ውስጥ ጎንበስ ብዬ
እንጨቴን አነሳሁ።