የቶረሙራት መረብ

ባሕሩ ከሙይናክ ከሸሸ ቆይቷል፣
መርከቡ አሸዋ ላይ ዝጎ ተጋድሟል፤
ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጨው ይነሣል፣
መስኮት የሚከፍት ሰው ዓይኑን ያጣጥባል።

በቦርሳዬ ክኒን፣ በብብቴ ሥዕል፣
አሥራ ሁለት ገጾች፣ ከዋና ከተማ የተላከ ጥቅል፤
ገጽ አንድ፦ ሁለት ሳንባ፣ ቀይ እንደ ወይን ዘለላ፤
ገጽ አራት፦ የሚያስል ሰው፣ ከኋላው ጥላ፤
ገጽ ዘጠኝ፦ "መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ" ይላል፤
ከመስኮቱ ማዶ የፖም ዛፍ ተሥሏል።

ቶረሙራት አየው። ዓሣ አጥማጅ ነበር ድሮ፣
ዛሬ ከአልጋው ጫፍ ነው፣ የጎን አጥንቱ ተቆጥሮ።
ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው፣ በክንዱ ጋረደ፣
ቆይቶ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ሰደደ፦
"አይሳነም ልጄ፣ ሳንባ ይሄ ነው እንዴ?
ተሰንጥቆ የተሰጣ ዓሣ መሰለኝ፣ በገመዴ።
ደሞስ ይህ የፖም ዛፍ የት አገር ነው ያለው?
እኔ መስኮት ስከፍት የሚገባው ጨው ነው።"

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን አጠፍኩት።
ነፋሱ የሚተኛበትን ሰዓት ጠየቅኩት።
"ጎሕ ሲቀድ" አለኝ። በማግስቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣
መስኮቱን አብረን ከፈትን፤ ብርድ ገባ፣ ንጹሕ ብርድ።

ምራቱ ቢቢዛዳ ክፉ ሰው አይደለችም፤
ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፣ ሌሊት አትተኛም።
የሽማግሌውን ፒያላ ከሌላው ለየች፣
በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገችበት፤
"በትንፋሽ ነው እንጂ በሻይ አይተላለፍም" አልኳት፣
ገጽ ስድስትን ገልጬ ሁለቴ አነበብኩላት።
ዝም አለች። ነጥቡም ዝም አለ፣ እዚያው።

ክኒኑ አቅለሸለሸው፣
እግሩ ደነዘዘ፣ እንቅልፍም ራቀው።
ወር ሲሞላ ግን ሳሉ ጋብ አለ፣ ቀለለው፣
የተረሳ ጉልበት እስከ ደጁ አወጣው።
አደጋው ያን ጊዜ ነው፤ የዳኑ ሲመስል።
"በቃኝ" አለ። አራት ቀን
በሩን አንኳኩቼ ተመለስኩ።

በአምስተኛው ከፈተ። ገጽ አሥርን አሰብኩት፦
የተቀሰረ ጣት፣ ቀይ መስመር፣ "ማቋረጥ ክልክል ነው" የሚል፤
ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።
ግድግዳው ላይ መረብ ተሰቅሏል፣ ያረጀ።
"ማን ሠራው?" አልኩት። "እኔ፣ በሃያ ዓመቴ፣ በገዛ እጄ።"
"አራት ዓይን ብፈታበትስ?"
አየኝ። ብዙ ቆየ።
"ትንንሹ ያመልጣል መጀመሪያ፣
ቀጥሎ ትልቁ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤
ቀዳዳ የለመደ ዓሣ፣ ልጄ፣
ከዚያ ወዲያ በምን ይያዛል?"

ምንም አልጨመርኩም። ገጽ አሥር ከአፉ ወጣ።
መዳፉን ዘረጋ፣ ክኒኑን በውሃ ጠጣ።

ከዚያች ዕለት ወዲህ፣ ለዋጠው ለያንዳንዱ ቀን
አንድ ቋጠሮ አሰረ። ያለፈውንም ቆጥሮ ቋጠረ፤
አራቱ ቀን ጋ ሲደርስ ክሩን ዘለለ።
ጣቱ የደነዘዘ ዕለት እኔ አሰርኩለት፣
"አልጠበቀም" ብሎ ፈትቶ ደገመበት።
በረዶው መጣ፣ ሄደ። መረቡ ከጉልበቱ ወረደ።
አንድ ጠዋት ቢቢዛዳን በጓሮ በኩል አየኋት፣
ፒያላውን ይዛ ቀዩን ነጥብ በጥፍሯ ስትፍቀው፤
እንዳላየ ሰው አለፍኩኝ።

አክታው ንጹሕ ሆነ። ሚዛኑ ላይ ወጥቶ
ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፣ አላምን ብሎ።

አሁን መረቡ ያለው ከጤና ጣቢያው፣
ተራ ከሚጠበቅበት ወንበር በላይ ነው፤
ውሃ ነክቶት አያውቅም፣ አይነካውምም።
የእኔ መጽሐፍ ከሥሩ ነው፤ ገጽ ዘጠኝ ላይ
የፖሙን ዛፍ ሰርዞ የዛገ መርከብ ሥሎበታል፣ በእርሳስ።

ዛሬ አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ሳፓርባይ ይባላል፣
ካዛኪስታን ግንባታ ላይ ሲሠራ ታሞ የተመለሰ፤
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቧል፣ ማንንም አያይም።
ቶረሙራት አጠገቡ ተቀመጠ።
የልጁን ጣት ያዘና በባዶው ቦታ አሾለከው፦
"እዚህ ጋ ሞኝ ነበርኩ።"
ጎረምሳው ቀና አለ። መረቡን ከላይ እስከ ታች አየው።
"ስንት ቀን ነው ሁሉም?"

"እጅ አለህ አይደል" አሉት ሽማግሌው፣
"ቁጠረው።"