ቆጣሪ አንባቢው

ትዋይ ነኝ። መብራት ኃይል ተቀጥሬ
ቁጥር ሳነብ ኖርሁ፣ ቢን ትዋንን ዞሬ።
የሰው ሀብት ሲመጣ፣ የሰው ሀብት ሲሄድ
እኔ ነኝ ቀድሜ የማውቀው ከዘመድ፤
ባንክ ቤት ሳይሰማ፣ ጎረቤት ሳያማ፣
ያወራኛልና የቆጣሪው ጎማ።

የሉኦምን ማሳ ሩዝ ሳለ አውቀዋለሁ፤
ወሩን ሙሉ ስድስት፣ ሰባት ጽፌያለሁ።
አንዲት አምፖል ነበር፣ አንዲት ማራገቢያ፣
የቀረው ጨለማ፣ የእንቁራሪት ገበያ።

ከዚያ አንድ ባለሙያ ከአውራጃው መጣ፣
ሸሚዙ ላብ የጠጣ፣ ጫማው የነጣ።
«ሩዝ» አለ «ሆድ ነው። ሩዝ ሆድ ነው ብቻ።
የዚህ አንድ ቅርጫት የሩዝ ስምንት ስልቻ!»
በሥዕሉ ላይ ፍሬው ቀይ ነው፣ ቅርፊታም፣
የዘንዶ እንቁላል መሳይ፣ ነበልባል ክንፋም።
ተክሉ ግን ቁልቋል ነው። ሉኦም ሳቀች በጣም፦
«ለቁልቋል ብዬ ሩዜን? ኧረ አላደርገውም!»

አደረገችው።
ጎረቤት ተከለ፣ የጎረቤት አማት፣
ባንኩም ፈገግ ብሎ ብድሩን ሰጣት።
ሺህ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆመ ማሳው ላይ፣
መቃብር ይመስላል ከሩቅ ለሚያይ።

ሞኝ ተክል ነው ይሄ። ሌሊቱን ከነጠቁት
ቀን የረዘመ መስሎት ያብባል፣ ስለ ዋሹት።
እናም አምፖል ሰቀሉ በየምሰሶው መሃል፤
በሺህ ትንንሽ ፀሐይ ማን ተኝቶ ያድራል?
አውራ ዶሮው ግራ ገባው፣ ጮኸ በእኩለ ሌሊት፣
ሉኦም መስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለችበት።
እኔ ቆጣሪዋ ፊት ቆሜ ደነገጥኩ፤
አራት አኃዝ ነበር። መነጽሬን ጠረግኩ።

ቤቷ ጡብ ሆነ፤ አንድ የወርቅ ጥርስ አስገባች፤
ለልጇ ሞተር፣ ለባሏ መቃብር እብነ በረድ ገዛች።
ፍሬውን ግን አልቀመሰችም። «ገንዘብ ይበላል ወይ?»
ትለኛለች ስታስጭን፣ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ።

ከዚያ ድንበር ተዘጋ።
ለምን እንደ ተዘጋ የነገረን የለም።
ሾፌሩ ደወለ፦ «ዘጠኝ ቀኔ፣ ፊቴ ያለው መኪና አልተንቀሳቀሰም፤
ኋላዬ ይሸታል።»
ሉኦም አልተነፈሰችም።

ሠላሳ ሺህ ዶንግ የነበረው ኪሎ
ወደቀ ሁለት ሺህ፣ ከአሸዋ ቀሎ።
የለቃሚ እንኳ አልሸፈነም፤ ለከብት ፈሰሰ፤
የንጎንን ላም አየኋት፣ አፏ ደም የለበሰ፣
ነብር የበላች መስላ፣ አገጯ የራሰ።

በየደጁ አነበብኩ፦ አራት አኃዝ፣ ሦስት፣ ሁለት፤
መብራት ሳይጠፋ ጠፋ መብራት፣ በየቤት በየቤት።
ፒንሳ አለ በቦርሳዬ፤ ዕዳ ያለበት ይቆረጣል።
የሉኦምን ዘለልኩት። አለቃዬ ሲሰማ ይቆጣል።

ባለሙያው ተመለሰ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ፍሬ፤
«ፓሽን ፍሩት» አለ፣ «ይሄኛው ነው የዛሬ!»
ሉኦም ሻይ ቀዳችለት፤ ወረቀቱን አጥፋ
ከገበታው እግር ሥር ከተተችው፣ ሻዩ እንዳይደፋ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ሲገባ፣ ማንም ሳያበራለት፣
ማንም ሳይዋሸው፣ ቁልቋሉ አበበ ሌሊት።
አምፖሎቹን በኪሎ ሸጣ ፋኖስ ይዛ ቆማ አገኘችኝ፤
«ና ትዋይ» አለች፣ «አንተ አንባቢ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ።»
ነጭ ነው። ሁለት እጅ ሙሉ። ቁጥር የለውም፤ ቃል አጠረኝ።
ላንድ ሌሊት ነው መከፈቱ፤ ሲነጋ እንደ ጨርቅ ይረግፋል፤
የሚጎበኘው የሌሊት ወፍ ነው፣ እሱም ጠጥቶ ያልፋል።

እኔ ፈዝዤ ቆምኩ። እሷ ግን አልቆመችም፤
ቀጠፈች፣ ሻሿን ሞላች፣ ለፍሬ አልተወችም።
«ነጭ ሽንኩርት አለኝ» አለች፣ «ትንሽም የዓሣ መረቅ።
ስምንት ዓመት ተከልኩት፣ ጣዕሙን ሳላውቅ።»

በላን። ይዝለገለጋል እንደ ባሚያ፤ አይከፋም።
«እንዴት ነው?» አለች። አፌ ሙሉ ነበር፣ አልመለስኩም።
ደብተሬን አወጣሁ ከዚያ፤ ልማድ ነው፣ ሥራ ነውና።
ዜሮ ጻፍኩ። ጣቴ ዘይት ነበረውና
ወረቀቱ ወዛ፤ የፋኖሷ ብርሃን በዜሮው አለፈ፣
ጭኔ ላይ አረፈ።