መቶ ዐሥር እርምጃ

ጃንተከል ዋርካ ሥር ከጥላው አርፈን፣
የድሮ ነገር አንስተን፣ ሳቅ ሳቅ እያለን፣
ፈንታሁን ጀመረ፦ «አይ ልጅነት!» አለ፣
«ዕዳ የማይታወቅ፣ ሐሳብም የሌለ!
ምናለ አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ቅዳሜ
ቢመልሰኝ ወደዚያ፣ ሳይጀምረኝ ዕድሜ።»

እኔም ሳቅሁ አብሬው።

ግን አውቀዋለሁ እኮ ይህን ሰው፣ ፈንታሁንን፤
አባቱ አምሽቶ መጥቶ ሲገፋው በሩን
ኮቴውን አዳምጦ የሌሊቱን ዕጣ
የሚያነብ ልጅ ነበር፤
ዝግ ካለ ሰላም፣ ከተንገዳገደ ቁጣ።
የመውጫ ደወል ሲደወል «ሆዴን» ይል ነበር፣ ሆዱን ይዞ፤
ሰነፍ አልነው ሁላችን። እሱ ከወንበሩ ጋር ደንዝዞ
ቤቱን ነበር የሚፈራው።
ረስቶታል ዛሬ። ወይ አልረሳው ይሆናል፤
ሰው የጠባሳውን ቦታ በሸሚዝ ይሸፍናል።

የእኔዋ ደግሞ ይቺውና፦
ሽፋኗ ሰማያዊ፣ ዳሯ የታጠፈ፣
ዘይት የጠጣች ደብተር፣ ስማችን የተጻፈ
በአያ አዛናው እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ።
እማየ ትልከኛለች፣ ዓይን ለዓይን ሲያዝ መሽቶ፦
«ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሻማ በለው፤
የጽዳት ደመወዝ ሲወጣ ትከፍላለች በለው።»

ከልደታ ጀርባ እስከ ሱቁ መቶ ዐሥር እርምጃ ነው።
እኔ ሁለት መቶ አደርገዋለሁ፤ ጠጠሩን ሁሉ ረግጬው።
ሰው ካለ በደጁ አልገባም፤ ዳር ላይ እቆማለሁ፣
የግንቡን አሞራ የምቆጥር እመስላለሁ።
(ፋሲል ግንብ ላይ ስንት አሞራ እንደሚያድር
ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም በጎንደር።)

አንድ ቀን አንድ ቱሪስት ፎቶ አነሳኝ፣ እዚያው እንደቆምሁት፤
የት አገር ይሆን ዛሬ ግድግዳ ላይ ያለሁት፣
አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ጥርሴን ብልጭ አድርጌ፣
«ደስተኛ ሕፃን» ተብዬ፣ ዱቤ በብብቴ ሸጉጬ?

አያ አዛናው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱ ነው የከበደኝ።
መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ አይቶ አይቶ፣ ከረሜላ ሰጠኝ።
«ይቺ በነጻ ናት» አለ። እኔ ግን አላመንሁም፤
ጽፏት ቢሆንስ እያልሁ ሌሊቱን አልተኛሁም።
ጠዋት ወስጄ መለስሁለት፣ ከነልብሷ እንዳለች፤
በእጄ ላብ ቀልጣ ከወረቀቷ ተጣብቃ ነበረች።

እማየ ይህን አታውቅም። እሷም ማታ ማታ
ሳንቲም ስትቆጥር በጣቷ፣ ድምፅዋን አጥፍታ፣
የተኛሁ ይመስላታል። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር
አብሬያት እደምራለሁ፤ ሁሌ የሚጎድል አንድ ብር።
ሐሳብና ሒሳብ አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፤
መምህራችን ይህን አያውቁም፤ ጉብዝናዬ ይገርማቸው ነበር፣ ይገርማቸው።

አልዋሽም፣ ደስታም ነበረ። ቀሃ በክረምት ሞልቶ
ድንጋይ ሲያንከባልል ሰምተን፤ ኪሴ በሲሳይ ብይ ሞልቶ፤
ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ
እየጮህን፣ አፋችንን ከፍተን፣ ስንሮጥ፣ ስንወድቅ፣ ስንነድ።
ግን ጥላው አጥሩ ጋ ሲደርስ
አውቅ ነበር፤ ስሜ ይጠራል።
ብዩ በኪሴ ይንጫጫል።
መቶ ዐሥር እርምጃ ይጠብቀኛል።

ይህን ሁሉ ለፈንታሁን አልነገርሁትም። ሻዩን ከፈለ፣ ተለያየን።

ማታ ልጄን ማስተዋልን፣ ስምንት ዓመት የሞላትን፣
መብራት አጥፍቼ ስወጣ፣ ዓይኗ ፈጦ አየኋት።
«ምነው?»
«ምንም።»
ይቺን «ምንም» አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት።
ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፦ «ልጅ ምን ሐሳብ አለው፣ ተኚ!»
ዋጥሁት። አልጋዋ ጠርዝ ተቀመጥሁ። «እስቲ ንገሪኝ።»
ዝም።
ውጭ ባጃጅ አለፈ። ውሻ ጮኸ፣ ተወ።
ከዚያ በቀስታ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፦
«አባየ፣ ስትስል ቆጠርሁ፤ ትናንት ዐሥራ ሦስት ነበር፤
ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ።»

ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት አሉኝ መምህሯ፤ ይገርማቸዋል የእሷ ነገር።