ሰባት ብር ቀሪ

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትል፣
ዶዘር የዘለለው አንድ ፎቅ አለ፣ ብቻውን የሚያስል።
ደረጃው ያቃስታል፤ ቤዜን እንደ ሕመምተኛ አዝዬ
አሥራ አራት ቆጠርኩ፣ «ይድን ይሆን?» ብዬ።

በሩ ላይ ስም የለም፤ ሽታው ነው ታፔላ፦
ቫርኒሽ፣ የጋለ እርሳስ፣ የሽቦ ጭስ ከኋላ።
ጋሽ አስፋቸው ቀና አላለም፤
መነጽሩን ያሰረው በሶል ክር ነው፤ ያረጀ ክር አይጥልም።
«ምን ሆነ?» አለኝ፣ እጁን ልኮ ዓይኑን ሳይልክ።
«ልሸጠው ነው። ኪራይ አለብኝ። ድምፁ ብቻ ይሁንልኝ ልክ።»
«የታመመ በሬ ገበያ አይነዳም» አለኝ፤
ወንበር በእግሩ ገፋ፤ ተቀመጥ ማለቱ ገባኝ።

ክረምቱ ነው የጎዳው። ሐምሌን ሙሉ እርጥበት ጠጥቶ፣
አንገቱ እንደ ቀስት ጎብጦ፣ ክሩ ከጣት ርቆ ወጥቶ፣
አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሁለት ጣት ያሾልካል፤
ድምፅ ማዞሪያው ሲነካ፣ ዘይት እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል።
«ክሩስ ስንት ዓመቱ ነው?» «አንድ» ብዬ ዋሸሁት። ሳቀ።
አራት ጊዜ በድስት መቀቀሉን በጣቱ ዳስሶ አወቀ።
አዲሱ በሻንጣ ነው የሚገባው፣ ከዱባይ፣ በሰው በሰው፤
ዋጋውን የጠየቀ፣ ሊቀቅል ነው የሚመለሰው።

የገዛሁት ካንዲት ሴት ነው፣ አራት ኪሎ፣ ከጀርባ፤
ካልጋ ሥር በአንሶላ ጠቅልላ አወጣችው፣ እሷ ሳትሆን እኔ ሳነባ።
«ባሌ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም» አለች፤ «ከበሮውን እሰማለሁ፣
ሳክስፎኑን እሰማለሁ፤ የሱን ግን… ደረቴ ላይ ነበር መሰለኝ፣ እላለሁ።»
ዋጋ አልተከራከርኩም።

ጋሽ አስፋቸው ስምንቱን ብሎን ፈታ፣ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ቆጥሮ ጣለ።
የፕላስቲኩን ሽፋን አነሳ። ዝም አለ።
ረጅም ዝም አለ።
አምፖሉን ጎትቶ አስጠጋ። ከሽቦው በታች፣ እንጨቱ ላይ፣
የገዛ እጅ ጽሕፈቱ አለ፣ በእርሳስ፣ ለማንም እንዳይታይ፦

«ጥር ፲፱፻፷፯። ፒካፕ ተጠመጠመ።
ሻምበል ባሻ ድንቁ። ሰባት ብር ቀሪ።»

ሃምሳ ዓመት! ከታች ያለው ሱቅ ጫማ ቤት፣ ካሴት ቤት፣ ሞባይል ቤት ሲባል፣
ያቺ ሰባት ብር ከክሩ ሥር ሌሊት ሌሊት ስትንቀጠቀጥ፣ ማን ያስታውሳል?
«ማክሰኞ እከፍልሃለሁ አለኝ። ማክሰኞ ግዳጅ ሄደ፤
ሲመለስ አፍሬ አልጠየቅኩም፤ እሱም አፍሮ፣ በሌላ መንገድ ወረደ።
አሁን እንጨቱ ያንተ ነው።» ዓይኔን አየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«እንጨት ከነዕዳው ነው የሚገዛ። ሰባት ብር!» አለ፣ ያለ ፈገግታ፣ ያለ ትካዜ።
ኪሴን ፈተሽኩ። አንድ አሥር ብር፣ ለታክሲ የያዝኳት።
ሦስት ብር መልስ በሳንቲም ሰጠኝ፤ እሱ ቆጠራት፣ እኔም ቆጠርኳት።

ከዚያ ካውያውን ሰካ። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት
ሩብ ዙር አጠበቀ፤ እንደ ሐኪም አዳመጠ፤ ሌላ ሩብ ጨመረበት።
ማዞሪያውን በአልኮል አጠበው፤ የላላውን ፍሬት በሙጫ ጠቀጠቀ፤
ከሣጥን አንድ አሮጌ፣ ግን ያልተቀቀለ ክር ፈልጎ አጠበቀ።
ልንሞክረው ስንል መብራት ሄደ። አምፑ ሞተ።
«አገጭህን ቀንዱ ላይ አሳርፍና ምታው።» መታሁት። አጥንቴ በሩን ከፈተ።
በጆሮ አልገባም፤ በመንጋጋ፣ በደረት፣ እስከ ተረከዜ ወረደ፤
የሴትየዋ ነገር ገባኝ፣ ዘግይቶ፣ መብራቱ እንደ ሄደ።

«ሁለት ሺህ» አለ። ኪሴ ውስጥ ሦስት ብር።
እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፤ ሽፋኑን ሳይዘጋ፣ በስልኬ መብራት ሥር፣
ከሻምበል ባሻው ስም አጠገብ «ተከፈለ» ብሎ፣
ስሜን ጠየቀኝ። ጻፈው፣ ከነአባቴ፣ ዕዳውንም አክሎ።

ስምንቱ ብሎን ጠበቀ። አሥራ አራቱን ደረጃ በዳበሳ እወርዳለሁ።
ገዢው ይደውላል። አላነሳም። ለጋሽ አስፋቸው «ማክሰኞ» ብያለሁ።