ጡት የጣልን

ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን፤
ስድስት ሴቶች ነን፣ ሰባት ጡቶች አለን።
ሒሳቡ የሮሳውራ ነው፣ ጡረታ የወጣች መምህር፣
ስትደምር አትሳሳት፣ ስትቀንስም አታፍር።

ቫልፓራይሶ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ክፍላችን ኮረብታው ላይ ናት፤
መስኮቷ መርከብ ይቆጥራል፣ ጣሪያዋ ያፈሳል ክረምት።
በገመድ ባቡር እንወጣለን፣ እየተንቀጫቀጨች፤
ኔሊዳ፣ ‹ከኔ ብሳ እያቃሰተች፣ ስንት ዘመን ቆየች!› ትላለች።

እዚያ ‹አይዞሽ› ማለት ክልክል ነው፣ መቶ ፔሶ ያስቀጣል፤
‹ጀግና ነሽ› ያለች ደግሞ እጥፉን በጣሳ ትጥላል።
ጣሳውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የኦርቴንሲያ ባል መጥቶ
አንድ ምሽት ብቻውን ሞላው፣ ስለ ብርታት አውርቶ፣ አውርቶ።

አውቶቡስ ላይ ወንበር የነፈጋትን ጎረምሳ ኤልቪራ አየችው፤
ዊጓን እንደ ባርኔጣ አንሥታ፣ ‹ደህና ዋልህ?› አለችው።

አሁን ስለ ፔሊካኑ።

ኔሊዳ ዓሣ ነጋዴ ናት፤ ወሩ ጥር፣ ፀሐዩ እሳት፣
የሲሊኮን ጡቷ ግሎ፣ እንደ ትኩስ ድንች ቢያቃጥላት፣
ከደረቷ መዝዛ አውጥታ በረዶው ላይ አጋደመችው፣
ከስኩዊዱ አጠገብ፣ ‹ቀዝቀዝ ይበል› ብላ ተወችው።
አንዲት ገዢ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አውርዳ፣
‹አጥንት የለውም አይደል? ኪሎው ስንት ነው፣ ኔሊዳ?›
መልሷን ከአፏ ሳታወጣ፣ ከጣሪያ ላይ ዱብ አለና፣
ያ ከረጢት አገጭ ፔሊካን ጡቷን ላፍ አደረገና
ወደ ባሕር። ኔሊዳ ከኋላ፣ ቢላ በእጇ፣ የጎማ ጫማ፣
‹ጡቴን! አንተ ሌባ፣ ጡቴን መልስ!› ስትል ገበያው ሰማ።
ፖሊስ ዘንድ ሄዳ አመለከተች። ‹የተሰረቀብሽ ምንድን ነው?›
‹ግራ ጡቴ።› ‹የሌባው መልክ?› ‹ግራጫ፤ ምንቃሩ ረጅም ነው።›

ይህን ስትነግረን ሂሜና የጎኗን ስፌት ጨብጣ፣
‹በቃሽ፣ ትገድይኛለሽ!› አለች፤ እንባዋ ከሳቋ ቀድሞ መጣ።
ከዚያ ዝም። ከዚያ በቀስታ፣ ‹ሕፃን ነው ጡት የሚጥለው፤
እኔ በሃምሳ ስድስቴ ጣልኩ፤ ጥርሴን መቼ ነው የማበቅለው?›

አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትማማች ከተባሉ፣
አንድ አንድ ጡት የጣሉትስ ምን ተብለው ይጠራሉ?

እኔ አላውቅም። የማውቀው፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ጉበቷ ላይ ወጣ ሲሏት፣ ‹ሰፈር ቀየረ እንጂ› አለች፣ ‹ተከራዬ መች ጠፋ?›
ማናችንም አልሳቅንም። መቶ ፔሶ እኔው ራሴ
ጣሳው ውስጥ ጣልኩ። ‹አይዞሽ› አልኳት። ተሸነፈ ምላሴ።

በመስከረም ቀበርናት።

ወንበሯ ባዶ ቀረ። የጣሪያው ጠብታ ይቀመጥበታል፤
ቷ ይላል፣ ቷ ይላል፣ ሰው ያናገረ ይመስለዋል።

ከዚያ ልጇ ኢሲዶራ መጣች፣ የጫማ ካርቶን አቅፋ፣
‹ለኔሊዳ› ይላል ክዳኑ፣ ሂሜና በእጇ ጽፋ፦
‹የቀኝ ነው፤ ያንቺ የግራ፤ አዙረሽ ቻይው እንግዲህ፤
ፔሊካኑ ከተመለሰ፣ “ጥንዱ ይኸው” በይው፣ “ይሙላልህ!”›

ኔሊዳ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ ሸሚዟን ከፈተችና
እዚያው ከተተችው፤ ጫፉ ወደ ብብቷ ዞረና
ወደ ወደቡ አፈጠጠ።
አንዷ ፍን አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁላችን።
ተረኛው ነርስ፣ ሰው የሞተ መስሎት፣ በሩን በርግዶ ደነገጠ።

ሮሳውራ መነጽሯን ጠርጋ፣ ጣቷን እያጠፈች፣
‹አምስት ሴቶች። ሰባት ጡቶች› አለች።
‹እንደገና ቁጠሪ› አልናት።
እንደገና ቆጠረች።