ምርቃት

ሰኞ ነው፤ ሐዋሳ፣ አሮጌ ገበያ ጥግ ላይ፣
አንዲት ሴት ጎመኔን አነሣች ወደ ፀሐይ፤
በቅጠሉ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ፣
«ትል በልቶታል!» አለች።
«በልቶታል፤ እኔው ሳይ።»

የንጉሥ ማዕድ ድሮ ቀማሽ ነበረለት፣
መርዝ ቢኖርበት ቀድሞ የሚወድቅለት።
የኔም ትል እንዲያ ነው፤ ቀምሶ አለፈልሽ፣
እሱ ቆሞ እየሄደ አንቺን ምን አስፈራሽ?

ከጎመኑ ሥር ያነጠፍኩት ከረጢት፣ ይኸውልሽ፣
«ማዳበሪያ» እንለዋለን ዛሬም፣ ባዶውን።
ፍሬው ካለቀ ቆየ፤ ዕዳው ግን አላልቅ ብሎ
ሦስት ክረምት ከረመ ከደጄ ተተክሎ።

መሬቴ ጥቁር ውኃ ማዶ ናት፣
ጨው እንደለመደች ላም
ካልላሰች አልታለብም ያለች።
በአካፋ ስገለብጣት አንድ ትል፣ አንድ ጉንዳን የለባት።
ባሌ ላንቃሞ በመዳፉ ፈጭቶ አሸተታት፤
«ምንም አትሸትም» አለ።
ደነገጥን።
ሬሳ እንኳ ይሸታል።

ያኔ ነው አሞራ ገደል በባልዲ የወረድኩት፣
ዓሣ ሳይሆን የዓሣ ትርፍ ፍለጋ፤
ቅርፊቱን፣ አንጀቱን፣ አከርካሪውን
ከአባ ኮዳዎች ጋር ስሻማ፣ ሰማዩ እየነጋ።
አንዱ፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል፣ ራሰ በራ፣
እንደ ሽማግሌ ዳኛ አፈጠጠብኝ።
ተካፍለን ተለያየን፤
ዛሬም ሲያየኝ ቦታ ይለቅልኛል።

ገለባ፣ ፍግ፣ የእንሰት ግርፍ፣ አመድ፣ አፈር፤
ደግሞ ገለባ፣ ደግሞ ፍግ፣ ከላይ የዓሣው ትርፍ።
ከክምሩ መሃል ረጅም ዱላ ሰካን።
በስምንተኛው ቀን ስቤ ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት፤
የታመመ ልጅ ግንባር!
ትኩሳት ያስደሰተኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አልዋሽሽም፤ በመጀመሪያው ዓመት
በቆሎው ከጉልበቴ አላለፈም።
ጎረቤታችን ዱካሌ አጥሩን ተደግፎ
«አፈሩ አደገ፣ እህሉ ቀረ» ሲል ሳቀ።
አንድ ሌሊት ላንቃሞ ጫማውን ሲያጠልቅ ሰማሁት፣
ዩሪያ ሊበደር።
ዝም አልኩ።
ቆይቶ፣ መልሶ ሲያወልቅም ሰማሁት።

በበቆሎው ፋንታ ቦሎቄ ዘራን፤
እሱ ያሳርፋታል፣ ሥሩ ያጠባታል ብለን።
ኒም ቅጠል ዘፈዘፍኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ከሚጥሚጣ ወቀጥኩ፣
በአሮጌ መጥረጊያ ረጨሁ።
ከትሉ ግማሹ ሸሸ፤
ያልሸሸውን ወፍ ለቀመው፤
ወፍ የሳተው ይኸው ገበያ ወጣ።

አሁንማ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታት
እስከ መንገዱ ድረስ ትሸታለች።
ዱካሌም ባለፈው ዱላዬን ተውሶ ሄደ፣
ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩትም።

«እሺ፣ ስለ ቀዳዳው ቀንሺልኛ!» አለች ሴትዮዋ።
«ለቀዳዳው መቼ አስከፈልኩሽ?
እሱ ምርቃት ነው።»
ከንፈሯ ሳይፈቅድ ሳቀች፣
ሁለት እስር ይዛ ሄደች።

ትሉ ከረጢቱ ላይ ቀርቷል፣
«ዩሪያ» በሚለው በደበዘዘ ጽሑፍ ላይ፣
እየተኮማተረ፣ እየተዘረጋ፣
ፊደል በፊደል
ይሻገራል።